ኔትወርክን በፈትል የለካንበት መስከረም

በቤታችን የነበረው ዋየርለስ ስልክ ከደመና ጋር ጠበኛ ነበር። ባትሪው ካረጀ ወዲህ የሚሠራው ጣሪያው ላይ ካለችው ትንሽ ሶላር በቀጥታ ሲመገብ ብቻ ነው፤ ፀሐይ ስትሸፈን መብራቱ ይጠፋል፣ የሚያወራው ሰውም ቃሉን ሳይጨርስ ይቆረጣል። ጓሳ ጥግ ላለ መንደር ደግሞ ደመና እንግዳ አይደለም። ጠዋት ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ይመጣና ደስ ሲለው እስከ እኩለ ቀን፣ ደስ ሲለው እስከ ማታ አብሮን ይውላል።

ስልኩ የእኛ ብቻ አልነበረም። እናቴና ስምንት ጎረቤቶቿ የበግ ፀጉር ፈትለው፣ ለሸማኔ ሰጥተው፣ ባና እያሠሩ የሚሸጡበት ማኅበር ነበራቸው። ባና ወፍራም የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ ነው፤ በእኛ አገር ብርድ ያለ እሱ አይተኛም። ዋየርለሱን የገዙት ከሽያጩ ላይ ቀንሰው ነው፤ ቤታችን የተቀመጠውም ሶላር ያለን እኛ ብቻ ስለነበርን ነው። ዘመኑ ሚሊኒየሙ ካለፈ ጥቂት ዓመት በኋላ ነበር። እኔ ስታቲስቲክስ ተምሬ ተመርቄ የሥራ ማስታወቂያ እየጠበቅሁ እናቴ ቤት ተቀምጫለሁ። ማኅበሩ ጸሐፊ አድርጎ ሾመኝ፤ ዋናው ሥራዬም ስልክ ሲጮኽ ማንሣት ሆነ። ከዚህ የበለጠ የሚከብደኝ ሥራ ቢፈልጉም አያገኙልኝም ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ክፍል ፊት ቆሜ ጽሑፍ እንዳላቀርብ ብዬ ሁለት ጊዜ የታመምኩ ሰው ነኝ።

ከመስቀል በኋላ ባለው ዓርብ ስልኩ ጮኸ። የደወለችው በክረምቱ መግቢያ ራቤል ገበያ ላይ ሁለት ባና ገዝታን የነበረች፣ አዲስ አበባ ሱቅ ያላት ሴትዮ ናት።

«ለገና የሚደርስ ብዙ ባና እፈልጋለሁ» አለችኝ። ከኋላዋ የመኪና ጡሩንባ ይሰማል። «ሌላ ቦታም የሚሠሩልኝ አሉ። የእናንተ ፈትል ግን ጠበቅ ያለ ነው፣ ወድጄዋለሁ። ስንት እንደምፈልግ አስቤ ማክሰኞ ጠዋት እደውላለሁ። ካላገኘኋችሁ ግን…»

መብራቱ ጠፋ። ቀና ብዬ በበሩ ሳይ ጉሙ አጥራችንን ውጦታል።

«ካላገኘኋችሁ ግን ምን?» አለች እናቴ።

«ተቆረጠ፣ እማዬ።»

አጠገቧ ተቀምጠው በደጋን የበግ ፀጉር ሲነድፉ የነበሩት ጎረቤታችን ደጋናቸውን አቆሙ። እኒህን ሴት እኔ እትዬ ነው የምላቸው፤ መንደሩ ምላሳቸውን ይፈራል፤ እሳቸው ደግሞ እኔን ተማሪዋ ከማለት በቀር በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

«ይኼ ምን ይጠየቃል?» አሉ። «ካላገኘችን ለሌላ ትሰጣለች። ቁጭ ብላ አታለቅስልንም።»

እውነታቸውን ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ማኅበሩ ባና የሚሸጠው አንድ አንድ እያለ ነው። ገበያ ላይ ዘርግቶ መቀመጥ፣ ሲመሽ ደግሞ ገዢው ባለው ዋጋ መስጠት። አንድ ሰው «ብዙ» ብሎ ሲያዝዝ የመጀመሪያው ነው። የቀሩት ሰባት ሴቶች ወሬውን ሲሰሙ ከየቤታቸው መጥተው «ብዙ ስንል ስንት ነው?» «ድምጿ ምን ይላል?» «ቁርጥ አድርጋ ነው ያለችው?» እያሉ ጠየቁኝ። ሁሉም የሚያስቡት ግን አንድ ነገር ነበር፤ ማክሰኞ ጠዋት ደመና ቢሆንስ?

የማኅበሩ ሣጥን ውስጥ ያለው ገንዘብ ከሁለት ነገር ለአንዱ ብቻ ይበቃል። ወይ ለዋየርለሱ አዲስ ባትሪ፣ ወይ አንድ ያገለገለ ሞባይል ከነሲም ካርዱ። በዚያ ክረምት ከከተማው ጀርባ ካለው ተራራ ላይ አዲስ የሞባይል ማማ ተተክሎ ነበር፤ የሲም ካርዱም ዋጋ ከአንድ ዶሮ ዋጋ በታች ወርዷል ይባላል። ሒሳቡን በቃሌ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ዋየርለሱ ብናወራም ባናወራም በየወሩ ኪራይ አለው፤ ያንን ለመክፈል ደግሞ ግማሽ ቀን በእግር ከተማ መሄድ ያስፈልጋል። ሞባይሉ በካርድ ነው፤ ያልተናገረ አይከፍልም፤ የሚደወልለትም አይከፍልም።

«አንዱ ካርድ ስንት እንዝርት ነው?» አለች እናቴ። ዋጋ የሚገባት ወደ እንዝርት ሲመለስላት ነው።

አስቤ ነገርኳት። «ስምንት እንዝርት ያህል።»

«ስምንት እንዝርት ፈትዬ ሃሎ ሃሎ ብዬ ልጨርሰው?»

«እሱስ ይሁን» አሉ እትዬ፤ «ለመሆኑ እዚህ ይሰማል? አንዱ የኮሶ ዛፍ ላይ ሲወጡ ይሠራል ይላል፤ ሌላው ፊትን ወደ ከተማ አዙሮ ትንፋሽ መያዝ ነው ይላል። ባትሪውን ብንገዛ ይሻለን ይሆናል።»

እዚህ ላይ ነው ሳላስበው አፌን የከፈትኩት። «ልንለካው እንችላለን» አልኩ። ሁሉም ዞር ሲሉ ፊቴ ጋለ፤ ቢሆንም ጀምሬዋለሁና ቀጠልኩ። ቅዳሜ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሞባይሏን ለአንድ ቀን ታውሰኛለች። እኔ መንደሩን እዞራለሁ። በየቦታው እቆምና ወደ ዋየርለሱ እደውላለሁ። የተሰማበትንና ያልተሰማበትን እመዘግባለሁ። ይህን እያልኩ ደብተር አውጥቼ ሠንጠረዥ አሰመርኩ፤ ቦታ በአንድ በኩል፣ ውጤት በሌላ በኩል። ደስ የሚል ሠንጠረዥ ነበር።

እትዬ ደብተሩን ተቀብለው ወደላይም ወደታችም አዩትና መለሱልኝ። «እኛ ይህን በምን እናነበዋለን?»

ደብተሬን አጠፍኩ። ከዘጠኙ ፊደል የቆጠሩት ሁለቱ ናቸው።

እሳቸው እጃቸውን ወደ ሙዳያቸው ሰደዱና ሁለት ልቃቂት ፈትል አወጡ፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር። «የሚሰማበት ቦታ ካለ ቁጥቋጦ ላይ ነጩን እሰሪ። የማይሰማበት ላይ ጥቁሩን። እሑድ ዞረን እናየዋለን። ዓይን መቼም ሰጥቶናል።»

ቅዳሜ ፀሐይ ወጣች። እናቴ ከዋየርለሱ አጠገብ ተቀመጠች፤ እኔ የተዋስኩትን ሞባይል በነጠላዬ ጫፍ ጠቅልዬ ወጣሁ። ከአጥራችን ጀመርኩ። ምንም የለም፤ ጥቁር አሰርኩ። ምንጩ ዘንድ ወረድኩ፤ ምንም የለም፤ ጥቁር። የመንደሩን ግጦሽ የሚጠብቁት ሽማግሌ፣ የሳሩ ዳኛ የምንላቸው፣ ደጃፍ ላይ ደረስኩ። እዚያም ምንም የለም። ከበራቸው አጠገብ ካለችው የአስታ ቁጥቋጦ ላይ ጥቁር አስሬ፣ ሰው ሳያየኝ ፈጠን ብዬ አለፍኩ። አሥራ አንድ ቦታ ተራ በተራ ጥቁር ሆነ። ባትሪ ልንገዛ ነው፣ ደመናውን ደግሞ እግዜር ይወቅልን ብዬ ወደ ሸንተረሩ ወጣሁ።

ሸንተረሩ ላይ እንደወጣሁ ስልኳ ላይ አንድ የኔትወርክ ጭረት ታየች። ቆምኩ። ሁለት ሆነች። ነፋሱ ነጠላዬን ሊወስድብኝ ይታገላል፤ እኔ ስልኳን በሁለት እጄ ይዤ አልተንቀሳቀስኩም። ደወልኩ።

«ማን ልበል?» አለች እናቴ። ድምጿ ጥርት ብሎ መጣ።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

«የት ነሽ?»

«ሸንተረሩ ላይ፣ ትልቁ የጅብራ ዛፍ ዘንድ።»

«ውይ! አጠገቤ ያለሽ ትመስያለሽ። እንደምን ዋልሽ? ደህና ነሽ?»

«እማዬ፣ አሁን እኮ ነው ከቤት የወጣሁት።»

«ቢሆንም። ብርዱስ? በጎቹስ ሰላም ናቸው?»

በጎቹ አጠገቤ ናቸው፤ ሰላም ናቸው አልኳት። ዘግቼ ነጭ አሰርኩ። ከዚያ ወዲያ እግሬ መሬት አልነካም። ሃምሳ እርምጃ እሄዳለሁ፣ እደውላለሁ፣ «ሃሎ! ሃሎ! ነጭ ነው!» እያልኩ እጮሃለሁ፤ እናቴም ከወዲያ «ነጭ ነው ትላለች!» እያለች ለተሰበሰቡት ሴቶች ትጮኻለች። በሕይወቴ በአንድ ቀን ያን ያህል ቃል የተናገርኩ አይመስለኝም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሠላሳ አንድ ቦታ ለክቼ ነበር። መንደሩ ጥቁር ነው። ሸንተረሩ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ በነጭ ሆኗል።

የረሳሁትን ነገር እሑድ ጠዋት ሰው ሁሉ አስታወሰኝ።

በእኛ መንደር ሳር ሲከለከል፣ ማለትም እስኪያድግ ድረስ ከብት እንዳይገባበት ሲደረግ፣ የሳሩ ዳኛ በወሰኑ ላይ ያሉ ቁጥቋጦዎች ላይ የሳር ቋጠሮ ያስራሉ። ቋጠሮ ያየ ሰው አይጠይቅም፤ በጎቹን ይመልሳል። በዚያ ዓመት ደግሞ የሸንተረሩ ሳር ከመስቀል በኋላ ይከለከላል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። እኛ ዐሥር ሴቶች ስለ ኔትወርክ ስናስብ ፈትል እንደሆነ እንጂ ቋጠሮ እንደሆነ ለአንዳችንም አልታየንም። እሑድ ማለዳ በጎቻቸውን ይዘው የወጡ ሰዎች ሸንተረሩን ከዳር እስከ ዳር በቋጠሮ ታጥሮ አገኙት። መለሱ። የመንደሩ በግ በሙሉ ወንዝ ዳር ባለችው ጠባብ መስክ ላይ ታጨቀ፣ ተደባለቀ፤ የአንዱ ግልገል የሌላውን እናት እየተከተለ ጩኸቱ እስከ ቤተ ክርስቲያን ይሰማል። የጥቁሩ ነገር ደግሞ ባሰ። ነጩ ለከብት ከሆነ ጥቁሩ ለሰው ነው ብለው ተረጎሙት። ምንጩ ዘንድ ጥቁር ስለታሰረ ውኃ የቀዳ ሰው አልነበረም። የሳሩ ዳኛ ራሳቸው ደጃቸው ላይ ጥቁር ቋጠሮ አግኝተው በጓሮ አጥር ተሻግረው ነው ቅዳሴ የመጡት።

ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ባለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተቀመጡ። ሰው ከበባቸው። ያንን ነጭና ጥቁር ፈትል በመዳፋቸው ይዘዋል።

«ከእኔ ሌላ ሳር የሚከለክል ዳኛ ተሹሟል እንዴ?» አሉ። «ሳሩስ ይሁን። በገዛ ደጄ የከለከለኝ ማነው?»

እናቴ ልትናገር ተነሣች። «ያሰረው ይናገር» አሏት። መንደሩ ጥቁሩ ፈትል ከማን ሙዳይ እንደወጣ ያውቃል፤ ያሰረችው ማን እንደሆነችም አይቷል። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ» አልኩ።

«አልሰማሁም።»

«ጮክ በይ እንጂ!» አሉ እትዬ ከኋላዬ። «ትናንት ስታንባርቂው የዋልሽው ድምፅ ጥቁር ገባ?»

ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ሲያልፍ መናገር ቀለለኝ። ስለ አዲስ አበባዋ ሴትዮ፣ ስለ ደመናው፣ ስለ ማክሰኞ ነገርኳቸው። ነጩ ስልክ የሚሰማበት፣ ጥቁሩ የማይሰማበት መሆኑን ነገርኳቸው። ሽማግሌው አገጫቸውን ይዘው ሰሙ።

«እና የእኔ ደጅ?»

«አይሰማም፣ አባባ። ጥቁር ነው።»

«እኔ ነኝ የማልሰማው ስልኩ?»

በጎቹ የተደባለቁበት አንድ ሰው ግን አልሳቀም። «ለጨዋታ ተብሎ የእኔ ግልገሎች የሰው ጡት ይጠባሉ?» አለ። «ይፈረድልኝ እንጂ።»

«ይፈረዳል» አሉ ዳኛው። «ቋጠሮ ጨዋታ አይደለም። ዛሬ በሐሰት ከታሰረ ነገ በእውነት ሲታሰር የሚያከብረው የለም። ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድም ሳይቀር ይፈታ። ይህ አንዱ ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሁለተኛው፣ ሞባይሉ ሲገዛ የመጀመሪያው ወሬ የእኔ ነው። ቆላ ወርዶ ዓለም ከተማ የሚኖረውን ልጄን ድምፁን ከሰማሁት ቆየሁ።»

«ሲገዛ» ነው ያሉት። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ከመፍታታችን በፊት ዘጠኙም ከእኔ ጋር ሸንተረሩን ዞሩ። ቀስ እያሉ፣ ፈትሉን በጣታቸው እየነኩ፣ ገበያ ላይ ባና እንደሚያዩት አዩት። ከመካከላቸው አንዷ «ቤት ውስጥ አይሠራም እኮ» አለች። «ዝናብ ሲጥል እዚህ ማን ይቆማል? ባትሪው ከተገዛ ዋየርለሱ ቤት ያገለግላል።»

«ዋየርለሱ ቤት ነው» አለች እናቴ። «እኛ ግን መቼ ቤት እንገኛለን? በጉን እየጠበቅን፣ እንዝርቱን እያሾርን የምንውለው እዚህ ነው። በክረምቱ ስንት ጊዜ ጮኾ ባዶ ቤት እንዳገኘ ልጄ ትንገራችሁ።»

«ሰባት ጊዜ» አልኩ። ስልኩ ላይ ያልተነሡትን ጥሪዎች እያየሁ መዝግቤው ነበር። «እኔ ያላየሁት ሲቀር ነው።»

እትዬ የመጨረሻውን ነጭ ፈትል ፈትተው ጣታቸው ላይ ጠቀለሉት። «ሞባይሉ ይገዛ» አሉ። በዚሁ ተወሰነ። እኔ ግን ከደስታ ብዛት ቁልቁለቱን ስወርድ ሁለት ጊዜ ተንሸራተትኩ።

ሰኞ ከእናቴ ጋር ከተማ ሄድን። ስልክ መሸጫው ውስጥ የስልኩን ቁልፎች አንድ በአንድ ሞከርኩ፤ ሻጩ «እህቴ፣ ልታገቢው ነው?» እስኪለኝ ድረስ። የተረፈን ገንዘብ ለአንድ ካርድ ብቻ በቃ። ካርዱን ፍቄ እንደሞላሁ ለሴትዮዋ ልደውል ቁጥሯን ሳወጣ እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«የመጀመሪያው ወሬ የሳቸው ነው።»

«እማዬ፣ አዲሱን ቁጥር ለመንገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም።»

«ፍርድ ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን ፍርድ ተሰብሮበት ይሄ ስልክ ምን በረከት ይኖረዋል?»

ከእናቴ ጋር መከራከር አልችልበትም። ደግሞም ከሽማግሌው በኋላ የሚተርፍ ብዙ ደቂቃ እንዳለ አስልቼ ነበር። ያላሰላሁት ሰላምታውን ነው።

ሸንተረሩ ላይ ስንደርስ ዳኛው የታጠበ ጋቢ ለብሰው ይጠብቁናል። ለልጃቸው ደውዬ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው። እንደምን አለህ አሉ። ሚስትህ እንደምን አለች፣ ልጆችህ፣ አማቾችህ፣ ክረምቱን እንደምን ወጣችሁት፣ ላሟ ወለደች ወይ፣ ጥጃዋ ምን መሰለች፣ ቆላው በሽታ አላመጣም ወይ፣ የጎረቤትህ የዚያ ሰውዬ እግር ዳነ ወይ። ለእያንዳንዱ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለው። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። በእጄ ወደ ስልኩ ላመለክት ፈለግሁ፤ እጄ አልነሣ አለኝ። እናቴም መሬት መሬት ታያለች።

በድንገት ስልኩን ከጆሯቸው አንሥተው አዩት። «ደህና ሁን ሳይለኝ ዘጋብኝ?»

«ካርዱ አልቆ ነው፣ አባባ።»

«አልቆ? ገና ስለ ገብሱ መቼ ነገርኩት!»

ሒሳቡ ጨርሶ ሳያልቅ ስለሚቆርጠው፣ ቀሪውን ስጠይቅ ለጥቂት ሰከንድ የምትሆን ሳንቲም ቀርታለች። ካርድ የሚሸጠው ከተማ ነው። ከተማ ግማሽ ቀን ነው። ቀኑ መሽቷል፤ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ማክሰኞ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ከሸንተረሩ ላይ ወደ ታች ስናይ መንደሩ የለም። ጉሙ ቤቶቹን ሁሉ ሸፍኖ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ብቻ ነጭ ውኃ ላይ እንደ ተንሳፈፈ ይታያል። ዋየርለሱ እዚያ ጉም ሥር ሞቶ ተኝቷል። ሴትዮዋ ይህን ጊዜ እየደወለች ይሆናል። ዘጠኙ ሴቶች እንዝርታቸውን ይዘው ከብበውኛል፤ የሚፈትል ግን የለም።

«ሚስኮል ላድርግላት» አልኩ። «ከጮኸ በኋላ እዘጋለሁ። ቁጥሩን አይታ ትደውል ይሆናል።»

«ትልቅ ሰው በፉጨት ይጠራል እንዴ?» አለች እናቴ።

«የማን ቁጥር እንደሆነስ በምን ታውቃለች?» አሉ እትዬ። «ይልቅ ታንሣው። ስታነሣው በአንድ ትንፋሽ ንገሪያት። ስንት ቃል ይበቃሻል?»

በጣቴ ቆጠርኩ። ሰላምታ ቢገባበት አይበቃም። ያለ ሰላምታ ዐሥር ቃል ያህል ይደርሳል። ዓይኔን ጨፍኜ ሦስት ጊዜ ተለማመድኩት። እትዬ «አሁን!» አሉ፤ ደወልኩ።

«ሃሎ?»

«የጓሳ ባና ፈታዮች ነን ዋየርለሱ ተበላሽቷል በዚህ ቁጥር አሁኑኑ ይደውሉልን!»

ተቆረጠ።

«ሰላም ሳትያት?» አለች እናቴ ቀስ ብላ። «እንደምን አደሩ እንኳ?»

«ጮኸችባትም እኮ» አለች አንዷ። «እኔ ብሆን አልደውልም።»

እኔም ብሆን አልደውልም ነበር። በጣም አፈርኩ። ሰዎች ፊት መናገር የማልደፍረው እኔ፣ ለማላውቃት ሴት በትዕዛዝ ቃል ጮኼ ስልክ በጆሮዋ ላይ ዘግቻለሁ። ስልኩ ላይ ያሉትን ሁለት ጭረቶች አያለሁ። አንዷ ጠፋች። ግማሽ እርምጃ ወደ ቀኝ ሄድኩ፤ ተመለሰች። ዘጠኙም ሴቶች ከእኔ ጋር ግማሽ እርምጃ ወደ ቀኝ ሄዱ።

ጮኸ።

ጩኸቱ እንዳስደነገጠኝ ያስደነገጠኝ ነገር የለም። አነሣሁት።

«ማነው አሁን የጮኸብኝ?»

«እኔ ነኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ካርዱ አልቆብን ነው፣ እንደምን አደሩ…»

«ዋየርለሱን ሁለት ጊዜ ሞከርኩት፣ ዝግ ነው ይላል። ለሌሎቹ ልደውል ቁጥራቸውን እያወጣሁ ነበር። በይ ስሚ፤ ሃምሳ ባና፣ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ። ይቻላል?»

ሃምሳ። ሴቶቹ ድምጿን ከስልኩ ውስጥ ሰምተውታል፤ አንዷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ግን ሒሳቡ በራሱ ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ ጀመረ። ሸማኔያችን አንድ ነው። በሳምንት አራት ባና ያወጣል፤ ከዚያ በላይ ሲፋጠን ዳሩን ያላላዋል። የመጀመሪያው ፈትል እስኪደርስለት የሚያልፈው ጊዜ ሲቀነስ፣ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ዐሥር ሳምንት አለ።

«አርባ» አልኩ።

እትዬ ክንዴን ቆነጠጡኝ። «ሃምሳ በያት!» አሉ ያለ ድምፅ፣ በከንፈራቸው ብቻ።

«ሃምሳ እኮ ነው ያልኩሽ።»

«ሃምሳ ብንል ዐሥሩ የላላ ይሆናል» አልኩ። ቃሉ ቀጥ ብሎ ወጣ። «አርባው ያን ጊዜ እንደገዟቸው ሁለት ባናዎች ነው። ሀያው ጥቁር፣ ሀያው ነጭና ቡናማ። በቀኑ ይደርስዎታል።»

ምንም አልሰማም። የተቆረጠ መሰለኝ። ጭረቶቹን አየሁ፤ ሁለቱም አሉ። ከኋላዋ ጡሩንባ ሰማሁ፤ አልተቆረጠም፤ እያሰበች ነው።

«አርባ ይሁን» አለች። «ቀብዱን በዚህ ሳምንት ራቤል ለሚመጣ ሹፌር እሰጠዋለሁ። ይሄን ቁጥር አትቀይሩብኝ።»

ስልኩን ከጆሮዬ አወረድኩ። «አርባ» አልኳቸው፣ የሰሙትን።

«ዐሥሩን የት ጣልሽው?» አሉ እትዬ፤ ይህን ብለው ሳይጨርሱ ግን እልልታውን ያቀለጡት እሳቸው ናቸው። ስምንቱ ተቀበሏቸው። ግጦሽ ላይ የነበሩት በጎች ደንግጠው ቀና አሉ። እናቴ ፊቴን በሁለት መዳፏ ይዛ አየችኝ።

«ሀያ ጥቁር ስትይ ጥቁሩ ፀጉር ከየት ይመጣል?» አለች አንዷ።

«የዳኛው በጎች ጥቁር ናቸው» አሉ እትዬ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እያሰሩ። «ሄጄ ዛሬውኑ አስሸልታቸዋለሁ። ካርዳችንን በልተውት የለም እንዴ!»

ይህን ብለው ቁልቁለቱን ተያያዙት፤ ሌሎቹም እንዝርታቸውን እያሾሩ፣ ማን ጥቁሩን ማን ነጩን እንደሚፈትል እየተሻሙ ተከተሏቸው። እኔ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ኋላ ኋላቸው ሮጥኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ጉሙ ውስጥ ስንገባ ኔትወርኩ ጠፋ። ለአንድ አፍታ ቆም ብዬ አየሁትና መሮጤን ቀጠልኩ፤ ታች እናቴ ትልቁን መቀስ አምጡልኝ እያለች ትጣራለች።